የአያሌው ጠጅ፣ የእኔ ማር

ላሊበላ፣ ጥር 8 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ የገዛ አፌ ጉድ ሠራኝ።

ጎረቤቴ አያሌው በሩ ላይ «ንጹሕ የብልባላ ማር ጠጅ» ብሎ ጽፎ የስኳር ጠጅ ይሸጣል። ለገና የመጣው እንግዳ ሁሉ በዚያ ጽሑፍ ተታልሎ፣ የእኔን ጠጅ ቤት አልፎ እሱ ዘንድ ጠጣ። ከሰስኩት።

«ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለኝ ሸንጎውን የሚመራው የቀበሌው ሊቀመንበር።

«ጠጅ ከማር የጣለ ሰው ሰፈፍ ይተርፈዋል» አልኩ። «ቄሶቹ የጧፋቸውን ሰም የሚወስዱት ከእኔ ሰፈፍ ነው። እስቲ እሱም ሰፈፉን ያምጣ!»

አያሌው አቀረቀረ። እዚያ ላይ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እረታ ነበር። ንዴቴ ግን መች ለቀቀኝ! «ለመሆኑ ስኳሩን ከየት አመጣው?» ብዬ ጮህኩ። ስኳር ያለው በቀበሌው መጋዘን ብቻ ነው፤ ቁልፉም በሊቀመንበሩ ኪስ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «አንቺስ ይህን ሁሉ ማር የት አከማችተሽው ነው? ሕዝብ እየተራበ ማር መደበቅ አሻጥር ነው። ነገ ጠዋት ቤትሽ ይፈተሻል።»

አሁን ጓዳ ገብቼ ከማር ገንቦዬ ፊት ቁጭ ብያለሁ። ካገኙት አሻጥረኛ ነኝ። ካላገኙት ደግሞ የእኔም ጠጅ የስኳር ነው።