ስለ እናቴ የመለስሁት

ቡሬ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

ዛሬ የእናቴን የምርመራ ውጤት ተቀበልን። የአንጀት ካንሰር ነው፤ ጉበቷ ላይም ደርሷል።

ክረምት ላይ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወስጃት ሐኪሙ የደም ምርመራዋን አይቶ፣ «ብግነት፣ ማለት የሰውነት መቆጣት፣ መኖሩን የሚያሳየው ቁጥር በጣም ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱን ማወቅ አለብን» ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ እርሷ ዞሮ፣ «እማማ፣ ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?» ሲላት እኔ አፈርሁ። ሁለት የሱቄ ደንበኞች በሩ ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። «ኧረ የለባትም!» ብዬ ቀድሜያት መለስሁ። የኢንፌክሽን መድኃኒት ይዘን ተመለስን።

ዛሬ ቤት እንደገባን፣ «ያኔ ደም ነበረሽ እንዴ?» አልኋት።

«ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተ የለባትም ካልህ በኋላ በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላድርገው?»

ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ወዲያው እህቴ ዘሀራ ከባሕር ዳር ደወለች። «እንዴት እስከ ዛሬ ሳይታወቅ ቀረ?» እያለች ታለቅሳለች።

«ሐኪሙ ነዋ! በደንብ አልጠየቃትም» አልኋት።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ምሳህንም ሳትበላ ዋልህ» አለችኝ።