የወርቅውሃ እጅጌ

አቃቂ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከናፍቆቱ ሌላ የከነከነኝ ነገር ስላለ እሱን ልጻፍልሽ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ለገና አዲስ አበባ፣ ትልቁ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንዲዘምሩ ተጠርተዋል። ሃያ አራት ናቸው። በባቡር ሄደው ማታውኑ በባቡር ይመለሳሉ። አቃቂ ሌላ ወሬ የለውም። ወርቅውሃም ተመርጣለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣመኝም። ልጅቷ ይህን ያህል ድምፅ የላትም። የጎረቤታችን ልጅ ዲንቄ ስትዘምር መንገደኛ ይቆማል፤ እሷ ኋላ ተደርጋ የእኔዋ ከፊት ቆመች።

ለባለቤቴ ለገብረጻድቅ ብነግረው ሣቀብኝ። ከሐዲድ ሥራ ገብቶ እግሩን እየታጠበ፣ ልጅቷ የተጠራችው ለመዝሙር ነው፤ ምነው ሽማግሌ የተላከባት አስመሰልሽው አለኝ።

ቅዳሜ ቀሚሶቹ ከአዲስ አበባ ተሰፍተው መጡ። በየቀሚሱ የየልጅቷ ስም በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እናቶች ተሰብስበን አለካን። ለአንዷ ረዘመ፣ ለሌላዋ ጠበበ፤ የወርቅውሃ ብቻ ልክክ አለ። የዲንቄ እናት ብዙወርቅ፣ የወርቅውሃ እናት ልጇን ተደብቃ አስለክታለች ብላ ቀለደችብኝ። ሁሉም ሣቁ። እኔ እጅጌውን እያየሁ ነበር። የሌሎቹ እጅጌ እስከ ክርን ነው። የእሷ እስከ እጇ አንጓ ይደርሳል።

በሰኔ የፈላ ውሃ ግራ ክንዷን እንዳቃጠላት የጻፍኩት ለአንቺ ብቻ ነው። ሹራቧን ስለማታወልቅ መምህሯ አቶ ቀናው እንኳ አያውቅም። በጳጉሜ ደግሞ፣ ቁስሏ እንዲድን በቁመቷ ልክ ጧፍ ተስያለሁና በክር ለክተሽ ላኪልኝ ብለሽኝ ክሩን ላክሁልሽ። ጧፉ በርቶ እንደሆነ አላውቅም። ቀሚሱ ግን ተሰፍቷል።

ማክሰኞ አቶ ቀናውን ብቻውን አግኝቼ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሊሸሸኝ ሞከረ። በኋላ፣ የጋበዘቻቸው እመቤት ስሟ እንዳይነሣ እንዳስጠነቀቀችው፣ ከመዝሙሩ በኋላም ወርቅውሃ ብቻ እስከ ጥምቀት እሷ ዘንድ እንድትቆይ እንደምትፈልግ ነገረኝ።

«ከጥምቀት በኋላስ?» አልሁት።

ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገው። 

እትዬ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት እዚሁ ጣቢያ ባቡሩ ላይ ሆነሽ፣ ሕፃኗን በመስኮት አቀብለሽኝ አደራ ያልሽኝን አልረሳሁም። ሰማንያ ቀኗ አልሞላም ነበር። ክርስትና ያስነሣኋት፣ ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የተቃጠለች ቀን እስከ ሐኪም ቤት በእግሬ ያዘልኳትም እኔ ነኝ። ስትዘምር እንደ አንቺ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ሰው ግን በእኔ ወጣች ይላል፤ አላርማቸውም።

አልከለክላትም። ባቡር ልትሳፈር ቀን እየቆጠረች እንዴት ልከልክላት? እጅጌውን ግን እንደ ሌሎቹ እስከ ክርን አሳጥሬዋለሁ። ጠባሳው ይታይ። የተቆረጠውን ጨርቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

የገና ዕለት ማታ ጣቢያው ላይ ቆሜ ልጆቹን እቆጥራለሁ። ሃያ አራት ይሄዳሉ፣ ሃያ አራት ይወርዳሉ። አንቺ በጥምቀት ነይ። በራችን ክፍት ነው፤ ስም ደብቆ መምጣት አያስፈልገውም። አክስቷ እንደምትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ደስ ብሏታል።

በልደቱ ቀን ጌታ ለቤትሽ ደስታ ያውርድልሽ፣ ከማንም ቤት ሳያነሣ።

ታናሽ እህትሽ፣
የወርቅውሃ እናት