የቢዛንታይኗ እመቤትና አንተ የሰጠኸው ቃል

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአያሌው፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ከጤናውም ከሕመሙም ከተገላገልክ ሰባት ወር አለፈህ። ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ልጃችን ቅድስት ግን ነገ ልትታጭ ነው፤ ይህን የምጽፍልህም ላስቆመው ስለቆረጥኩ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሷ ነገ የምትለብሰውን ለማምጣት ወጥታለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል።

ቤታችን ያው ነው። የሥራ ጫማህ ጋራዡ በር ላይ እንዳወለቅከው አለ፤ ቅድስት በወጣች በገባች ቁጥር ትሰናከልበታለች እንጂ አታነሳውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሣር ማጨጃህ ሰፈራችንን ሚነርቫ ፓርክን ስታደነቁር እቆጣህ ነበር፤ አሁን የሚያስፈራኝ ጸጥታው ነው። ከቅዳሴ መልስ ሀብታሞቹ ሰፈር ቤክስሊ ወስደኸኝ ትልልቆቹን ቤቶች እያሳየህ፣ የትኛውን ልግዛልሽ ትለኝ የነበረውም ትዝ ይለኛል። ሣሩን ማን ሊያጭደው ብዬ እመልስልህ ነበር። ናፍቀኸኛል አያሌው። ተናድጄብሃለሁም።

ያቺን የጥንቱን የምሥራቅ ሮም፣ የቢዛንታይን እመቤት መቼም አትረሳትም። ቅድስት የኮሌጅ ጽሑፏን በእሷ ላይ ስትጀምር፣ አንተ ከመጋዘን ሥራህ ተመልሰህ እራትህን ሳትቀምስ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። አገር ቤት ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ ውሎ፣ ማታ ፊቱ እንዲያ ሲበራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ትልልቅ ቤቶች በዙፋን ሲተላለቁ ኖሩ፤ ንጉሡ አስታረቃቸውና የአንዱን ቤት ሴት ልጅ ለሌላው ቤት ወንድ ልጅ አጨ። ሰባት ዓመቷ ነበር። አማቷ ቤት ተወስዳ ከወደፊት ባሏ ጋር እንደ እህትና ወንድም አደገች፤ አሥራ ሦስት ሲሞላት ተዳረች። አንተን የገረመህ ከእርሳስ ብረት የተሠራው ማኅተሟ ነው። የአባቷም የባሏም ቤት ስም አንድ ላይ ተቀርጾበታል። እንደ እኛ አገር ሴት የአባቷን ስም አልጣለችም ብለህ ኮራህባት። ወንዶቹ በጦር ያልቻሉትን አንዲት ልጅ በጋብቻ ጨረሰችው አልክ። ቅድስት ልጅቷን ማን ጠየቃት ብላ ተቆጣች፤ «ዳዲ፣ ኖባዲ አስክድ ኸር!» አለችህ። እኔ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ልብህ ውስጥ እንደገባ አላወቅሁም።

አባትህ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው መግደላቸውን ሳንጋባ ነግረኸኛል። የሟች የልጅ ልጅ ሀብታሙ ዲቪ ደርሶት እዚሁ ኮሎምበስ መጣና ትራክ መንዳት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ስታየው ፊትህ ይለዋወጥ ነበር። ከዚያ ታመህ ተኛህ፤ እኔን ሳታማክር ጋሼ ወርቁንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን አስጠርተህ፣ የልጁን እጅ ይዘህ፣ ደሙ እንዲደርቅ ቅድስትን ሰጥቼሃለሁ አልክ። በአገራችን ወግ ደም በጋብቻ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ግን የተሰጠችው የእኔም ልጅ ነበረች። እኔ የሰማሁት በአርባህ ዕለት ነው፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ ጋሼ ወርቁ ወደኋላ ቀሩና ነገሩኝ። የሟች ቃል አይታጠፍም፣ አልማዝ ልጄ አሉኝ።

ሀብታሙ ክፉ ልጅ አይደለም። በለቅሶህ ሰሞን ማንም ሳይነግረው የደጃፋችንን በረዶ ጠርጎልናል። ግን ቤታችን ሲመጣ ዓይኑ ቅድስት ላይ አያርፍም። የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን የአባትህን ፎቶ ነው። ቡናው እስኪበርድ ድረስ ያየዋል።

አገር ቤት ያለው ወንድምህ ሙሉጌታ በየሳምንቱ ይደውላል። ከሀብታሙ ቤተሰብ ጋር አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። ቃልህ እዚያ ደርሷል፤ ሠርጉ ምን አዘገየው እያሉ ይጠይቁታል። ባለፈው ወር ውሻውን በጥይት ተመትቶ በሩ ላይ አገኘው። ማን እንዳደረገው የተናገረ የለም። አሁን ልጆቹን ሰብስቦ በቀን በሩን ቆልፎ ነው የሚውለው።

ቅድስት ጽሑፏን ጨረሰች። የታሪክ አስተማሪ ሆነህ ታሪኩን ከመሃል ጥለኸው ሄድክ፤ መጨረሻውን ልንገርህ። ሰላሙ የቆየው ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ የእመቤቲቱ የገዛ ወንድም ባሏን በሤራ ወንጅሎ ዓይኑን አስወጣው። እሷን ፀጉሯን ሸልተው ገዳም አስገቧት። ሁለት ወንዶች ልጆቿ አንዱ በእናቱ ወገን፣ አንዱ በአባቱ ወገን አደጉና ጦር ሜዳ ላይ ተገናኙ። ደሙን አላደረቀችውም አያሌው። ለሁለቱም ቤት ተዋጊ ወለደችላቸው።

ይህን የጻፈች ልጅ ናት እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከሙሉጌታ ጋር ስነጋገር በስፒከር የሰማችን። የአጎቷን ልጆች ዕድሜ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ «ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ። ዳዲ ፕሮሚስ አድርጓል። አይል ዱ ኢት፤ አገባዋለሁ» አለችኝ፤ ሰሃኗን አጥባ ወደ ክላሷ ሄደች። ለመንኳት፣ አልቅሼም ለመንኳት። አንተን ነው የወጣችው፤ አንዴ ካለች አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች እመቤት አንስታ አታውቅም።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። አስቤ አስቤ ያገኘሁት አንድ መንገድ ነው፤ የሟችን ቃል የሚሽረው የራሱ የሟቹ ቃል ብቻ ነው። በመጨረሻው ቀንህ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ስለዚህ አያሌው ተጸጽቷል፣ ልጄን ተዉልኝ፣ ደሙ በካህን ፊት በይቅርታ ይድረቅ ብሎ ተናዟል እላቸዋለሁ። እስቲ ማይ ይሉኛል ጋሼ ወርቁ። አያሌው ይሙት እንዳልል ሞተሃል። መስቀል ጨብጬ፣ የአያሌው አጽም ይፋረደኝ ብዬ እምላለሁ። ቅድስት እያየችኝ ነው የምምለው፤ ከሁሉ በላይ ማመን ያለባት እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ይቀበሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ሙሉጌታንም ይተዉት እንደሆነ አላውቅም።

ያን ዕለት ጆሮዬን ወደ አፍህ አስጠግቼ የሰማሁትን እኔና አንተ እናውቀዋለን። «ቃሌን አደራ» ነው ያልከኝ። እኔም እሺ ብዬሃለሁ።

ይቅር በለኝ። አልረሳህም፤ በየዓመቱ መታሰቢያህን አደርጋለሁ፣ ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ። ቅድስት የወደደችውን አግብታ ስትወልድ ለልጆቿ እነግራቸዋለሁ፤ አያታችሁ ነፍሱ ሲወጣ እንኳ ልጄን ተዉልኝ ያለ ሰው ነው እላቸዋለሁ። ዕድሜ ከሰጠኝ፣ እኔ ራሴ እስካምነው ድረስ ደጋግሜ እለዋለሁ። ያን ጊዜ እውነተኛውን አንተን የሚያስታውስ ሰው በምድር ላይ አይኖርም።

ባለቤትህ አልማዝ