ስሜት በፊት፣ ስሜት በኋላ

ውድ ልጄ፣

ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ወደ ደብዳቤው ታች ስወርድ አንጀቴ አልችል ብሎ እንዳልተወው ነው።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ለጥናትሽ ተራመድኩ። «እማ፣ እንቅስቃሴ የሰውን ስሜት ምን ያህል እንደሚያሻሽል እየለካን ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ» ብለሽ ቅጹን ላክሽልኝ። ለየቀኑ ሁለት ሣጥን፣ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር። ጉልበቴን እየረገምኩ የምኖርበትን ሕንፃ ስዞር ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አባረረዎት?»

«ልጄ።»

«የት አለች?»

«ስልክ ውስጥ።»

እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውያለሽ።

«እማ፣ በፊት ስንት?»

«ሦስት።»

«በኋላስ?»

«ስምንት።»

«ጎሽ! አየሽ፣ እግርሽ መድኃኒት ነው!»

አንድ ቀን «እኔ እናትሽ ነኝ ወይስ ቴርሞሜትር?» ስልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ ካለቀ በኋላም ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁትም፤ አንቺ ግን ዘግተሽ ነበር።

አንቺን ለማስተማር የሰው ፎቅ ስወለውል ኖሬ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ ነው። አንድ ቃል ሳገኝ በጣቴ ይዤ፣ ያለውን ነው የማምነው። የመጀመሪያው ሣጥን «ስሜት በፊት» ይላል። በፊቴ ላይ የሚታየው ስሜት መሰለኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ዘንድ ሄጄ ፊቴን እያየሁ ቁጥር ሰጠሁት። ሦስት፤ አንዳንዴም ሁለት። ሁለተኛው «ስሜት በኋላ» ይላል። ከምን በኋላ እንደሆነ አልተጻፈበትም። በእኔ ቀን ውስጥ ደግሞ በኋላ የሚባል ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ አንቺ የምትደውይበት። ተራምጄ ብገባም ሣጥኑ ባዶውን ይውላል። የምሞላው ድምፅሽ ጆሮዬ ውስጥ እያለ ነው።

ጥናቱ አለቀ፤ ስልኩም አብሮ አለቀ። ውጤቱን በፖስታ ላክሽልኝ። «ተሳታፊ አሥራ አራት፦ ከእግር ጉዞ በፊት ሦስት፣ ከእግር ጉዞ በኋላ ስምንት።» ተሳታፊ አሥራ አራት እኔ ነኝ። ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። እግሬን የለካሽ መስሎሽ ድምፅሽን ነው የለካሽው።

ይኸው ከደወልሽ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ያንኑ ሕንፃ ያንኑ ያህል እዞራለሁ፤ ጉልበቴ እንዲያውም በርትቷል። ቅጹንም በባዶ ወረቀት ላይ አስምሬ ቀጠልኩ፤ አሁን አሞላሉን አውቄበታለሁ። ከመውጣቴ በፊት ሦስት። ከገባሁ በኋላ ሦስት። አንድ ቀን ብቻ አራት ጻፍኩ፤ ስልኩ ጮኾ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ትናንት እጅ ላይ የሚታሰር የእንቅስቃሴ መለኪያ ከአንቺ ደረሰኝ። ብጣሽ ወረቀት አያይዘሽበታል፦ «እማ፣ ይሄ ራሱ ይለካል። ከእንግዲህ እየደወልኩ አላስቸግርሽም።»

አላስቸግርሽም!

መለኪያሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ተሳታፊ አሥራ አራትንም ከውጤትሽ ሰርዢያት፤ ዋሽታሻለች፣ ሳታውቅ። መራመዱን አልተውም። ሰዓቱን ግን ቀይሬዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ቤት ትቼ እወጣለሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዳግመኛ አልጠብቅሽም።

እናትሽ