የቅዳሜው ጉዞ አይቀርም፦ ስለ መንገድ መሪያችን ስለ ጋሽ ቀስበሉ ዕረፍት

ለማኅበሩ ሠራተኞች፣ ለአባላትና ለሕዝብ በሙሉ

የዝናብ ደንና የባሕር ዳርቻ ተጓዦች ማኅበር ወደ ሐዘኑ ከመግባቱ በፊት አንድ አነስተኛ ጥፋት በታላቅ ትሕትና ይናዘዛል። በሊቀመንበራችን እጅ ተጽፎ ለመተየብ የቀረበው የመጀመሪያው ረቂቅ መግለጫ ዛሬ ረፋዱ ላይ ሻይ ፈስሶበት ከጥቅም ውጪ ሆኗል። ሻዩ በራሱ አልፈሰሰም። ድርጊቱን የፈጸመችው ይህን የምትተይበው የሟቹ የልጅ ልጅ፣ በቢሮው «ምላጭ» እየተባለች የምትጠራው ተማሪ ስትሆን፣ ሻዩ ስኳር ያልገባበት መሆኑ በቅጣት ማቅለያነት እንዲያዝላት ታመለክታለች። ረቂቁ ምን ይል እንደነበረ በቦታው ይገለጻል።

አሁን ወደ ሐዘኑ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገደኛን ወደ ዝናብ ደንና ወደ ባሕር ዳርቻ ሲመሩና በሰላም ሲመልሱ የኖሩት የማኅበራችን መሥራችና ዋና መንገድ መሪ፣ በሁሉም ዘንድ ጋሽ ቀስበሉ በመባል የሚታወቁት፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ ሐዘኑን የሚገልጽበት ቃል አጥሮታል። ቃል ያጠረው ማኅበር ግን ሦስት ገጽ ጽፏል።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከገዛ አፋቸው ነው። በዳገትም፣ በጭቃም፣ ከጀልባ ሲወረድም የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቀስ በሉ።» ቀስ ብሎ በእግሩ ስለሚሄደው እንቁላል የሚነገረውን ተረት ማኅበሩ እዚህ አይደግመውም። ሟቹ በሕይወት ሳሉም ሰልችቷቸው ነበር።

ጋሽ ቀስበሉ ማኅበሩን ከመመሥረታቸው በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ዐይተውት የማያውቁትን ባሕር ለአሥራ አራት ዓመት አስተምረዋል። አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተማሪ «መምህር፣ ባሕር ምን ምን ይሸታል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ነገ እነግርሃለሁ» አሉት። ያ ነገ ስድስት ወር ፈጀ። በመካከሉ ሥራቸውን ለቀቁ፣ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ተዋሱ፣ ዘጠኝ ሰው ሰበሰቡ።

በ1ኛው ዓመት፦ እነዚህን ዘጠኝ ሰዎች ወደ ባሕር ዳርቻ መሩ። አምስቱን በመንገድ ላይ አስመለሳቸው፤ አንዱ ባሕሩን ሲያዩ «ይኸው ነው?» ብለው ተቀመጡና እስኪመሽ አልነሳም አሉ። ጋሽ ቀስበሉ እንደተመለሱ ተማሪውን ቤቱ ድረስ ሄደው «ጨው፣ የሰነበተ ዓሣና የጀልባ ቀለም» ሲሉ መልሱን አስረከቡ።

በ4ኛው ዓመት፦ ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ አወጡ። ደንቡ «ከሁሉ ቀርፋፋው ሰው ፊት ይሂድ፤ ማንም አይለፈው፤ መሪው ከሁሉ ኋላ ይሁን» ይላል። በደን ውስጥ ሰው የሚጠፋው ጉልበተኛው ሲቀድምና ደካማው ሲቀር ነው ብለው ስላመኑ ነው። ደንቡን የተቃወሙት ራሳቸውን ፈጣን አድርገው የሚቆጥሩ አንጋፋ አባላት ነበሩ። ማኅበሩ ባደረገው ማጣራት ከእነዚህ ፈጣኖች መካከል የቢሮውን ደረጃ ሳያርፍ የሚወጣ አንድም እንዳልተገኘ ለመረዳት ተችሏል።

በ7ኛው ዓመት፦ ሰው በቁጥር መቁጠርን ሻሩ። ቁጥር ይዋሻል፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይበልጥ ይዋሻል አሉ። በምትኩ እያንዳንዱ መንገደኛ የፊቱን ሰው ጀርባ እንዲሸመድድና በየማረፊያው ጮክ ብሎ እንዲጠራ አደረጉ። «ቡኒ ሹራብ፣ ክርኑ የተጣፈ!» «አረንጓዴ ቦርሳ፣ ዚፑ የተበላሸ!» ጀርባውን ያጣ ሰው ካለ፣ የጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ የተዋወቁ ሁለት አባላት ኋላ ተጋብተዋል፤ ባልየው ሙሽራዪቱን በፊቷ ለመለየት ትንሽ ተቸግረው እንደነበረ ራሳቸው አይክዱም።

በ14ኛው ዓመት፦ ማየት የተሳናቸውን የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ወደ ዝናብ ደኑ ወሰዱ። «ምን ሊያዩ?» ያሉ ነበሩ። ጠጋኙ ሲመለሱ በዚሁ ቢሮ፣ ጥጉ በማስቲሽ በተያዘው ካርታ ሥር ቆመው፣ ዝናቡ ላይኛው ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ታች እስኪደርስ ስንት ጊዜ ድምፁን እንደሚቀይር በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ አሰሙ። ዐይን ያላቸው አሥራ አንዱ መንገደኞች የዚያን ዕለት ጠዋት ዝናቡን ሲረግሙ እንደነበረ በማስታወስ ወለሉን ሲመለከቱ ቆይተዋል።

በ22ኛው ዓመት የሆነውን ማኅበሩ እስከ ዛሬ በይፋ ጽፎት አያውቅም። ሲወራ የኖረው «ጋሽ ቀስበሉ ጫካ ውስጥ ሰው ጣሉ» እየተባለ ነው። ሌሎች የጉዞ ቢሮዎች ደንበኛ ሲያግባቡ ይህችን ጣል ሳያደርጉ አያልፉም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም በማኅደራቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አኑሯል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ረቂቁ ነው። ሦስተኛው አንቀጹ እንዲህ ይል ነበር፦ «በ22ኛው ዓመት ከደረሰው የመንገድ መሪው ስህተት ትምህርት በመውሰድ ማኅበሩ የእግር ጉዞን ሙሉ በሙሉ ያቆማል፤ ደኑ ከእንግዲህ ከአውቶቡስ መስኮት ይጎበኛል፤ የቅዳሜው ጉዞም ተሰርዟል።» ሻዩ የፈሰሰው እዚህ ላይ ነው።

ስለሆነም ማኅበሩ የሆነውን እንደሆነው ያስቀምጣል።

በዚያ ዓመት መንገደኞቹ አሥራ ስድስት ነበሩ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ልብስ ሰፊዋ፣ በደንቡ መሠረት፣ ከሁሉ ፊት ይሄዱ ነበር። አምስተኛ ላይ የነበሩት ያኔ ጸሐፊ፣ ዛሬ ሊቀመንበር የሆኑት አባላችን ናቸው። «ኧረ በዚህ አካሄድ ባሕሩ ራሱ ደርቆ ይጠብቀናል!» አሉ። ከዚያም እንዳይከብዳቸው የዝናብ ካፖርታቸውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው፣ «አቋራጭ አውቃለሁ» ብለው ከሰልፉ ወጡ። ያንን ደን ያዩት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደነበረ መዝገቡ ያሳያል።

ካፖርቱ ከተሰቀለበት ጥቂት እርምጃ ላይ ጅረት ነበረ። ጋሽ ቀስበሉ ከኋላ መጥተው ልብስ ሰፊዋን ደግፈው በማሻገር ላይ ሳሉ ምክትል ሊቀመንበራችን፣ ዝናቡ ስላጣደፋቸው፣ ጀርባ ማስጠራቱን ትተው በጣታቸው ቆጠሩ። አሥራ ስድስት ሆነ። አሥራ ስድስተኛው ካፖርቱ ነበር።

ጋሽ ቀስበሉ ግን ማዶ እንደደረሱ ጀርባ አስጠሩ። ስድስተኛዋ አባላችን ነርሷ ነበሩ። «እኔ ፊቴ ያለው ቅጠል ነው» አሉ። ስህተቱ የታወቀው በዚያው ቅጽበት ነው፤ ደንቡ የሠራውም በዚያው ቅጽበት ነው። ጋሽ ቀስበሉ ሁሉንም ባሉበት አስቀምጠው ብቻቸውን ተመለሱ። ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ የዛሬውን ሊቀመንበር አንድ ትልቅ ዛፍ ሦስተኛ ጊዜ ሲዞሩ አገኟቸው። አንድ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ጋሽ ቀስበሉን እንዳዩ የተናገሩት «መንገዱን አግኝቼዋለሁ፣ ቀጥ ብሎ ነው!» የሚል ነበር።

ሲመለሱ ጋሽ ቀስበሉ ለተሰበሰበው ሰው «እኔ ነኝ መንገድ ያሳሳትኳቸው። ወሬው እዚሁ ይለቅ፤ እናንተም ዝም በሉ» አሉ። ሰው በሰው ፊት እንዳያፍር ብለው የራሳቸውን ስም አሳልፈው ሰጡ። ሊቀመንበሩም ተቀበሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዘውት ቆዩ። ማኅበሩ ለሟቹ ያለው አክብሮት ወሰን የለውም። በዚህ ጉዳይ ግን ከሟቹ ጋር አይስማማም።

ዛሬ ቀትር ላይ ሊቀመንበሩ ለመግለጫው የሚወጣ ፎቶግራፍ ሊነሡ ጢማቸውን ለመላጨት እንደወጡ፣ ከአምስቱ የሥራ አመራር አባላት የቀሩት አራቱ፣ ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለው የቢሮው ደረጃ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠዋል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ወንበር ግን አልተሟላም። ልብስ ሰፊዋ «ዝም ያልኩት ሰውየው ዝም በሉ ስላሉኝ ነው። እሳቸው ሄዱ። አሁን ደግሞ ማንን ልፍራ?» ብለዋል። የአውቶቡሳችን ሾፌር «ደን ከመስኮት ለማየትማ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እግር መታጠብ አይሻልም?» ሲሉ ጠይቀዋል። ነርሷ ሊቀመንበሩን አሁን ቢያገኟቸው በየትኛው መርፌ እንደሚወጓቸው በዝርዝር አስረድተዋል። ምክትል ሊቀመንበሩ «እሺ፣ ካፖርት የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ጻፊው ልጄ። ግን ካፖርቱ የሰው ያህል ትከሻ ነበረው ብለሽ ጻፊ» ብለዋል። ተጽፏል።

በመጨረሻ የሟቹ ልጅ፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ሁለተኛ መንገድ መሪ የነበሩት፣ ተጠርተው ቅዳሜ ሰውን መምራት ይችሉ እንደሆነ ተጠየቁ። በረቂቁ «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ኃላፊነት አይጣልባትም» ተብሎ ስለ እርሳቸው የተጻፈው፣ ከሻዩ የተረፈው መስመር፣ ተነበበላቸው። እርሳቸውም «አባቴን ቤት ቁጭ ብዬ ካልሆነ ማልቀስ አይቻልም ያለው ማነው? እየሄድኩ አለቅሳለሁ። ከኋላ ስለምሆን የሚያየኝም የለም» ሲሉ መልሰዋል። ይህን የምትተይበው ልጅ እናት በመሆናቸው ይህ ቃል ለመተየብ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ወስዷል።

በዚህም መሠረት ማኅበሩ የሚከተለውን ያስታውቃል። ጋሽ ቀስበሉ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ጥለው አልተመለሱም። ጣሉ ያለ ሁሉ፣ ከእኛም ወገን ቢሆን፣ ተሳስቷል። ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው እንዲወጣ አራቱ አባላት በፊርማቸው ምስክርነት ሰጥተው ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጽፈዋል፤ ዛሬውኑ በሾፌሩ እጅ ተልኳል። የእግር ጉዞው አይቆምም። የቅዳሜው ጉዞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮው በር ይነሣል፤ በእግር ደኑን አቋርጦ፣ በጀልባ ወንዙን ወርዶ፣ በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳርቻ ይደርሳል። የተመዘገቡት አሥራ አራት ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ፊት ይሄዳሉ። የቸኮለ አባል ካለ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማየት ይችላል፤ አውቶቡሱ ግን ቆሞ ነው የሚጠብቀን።

ማኅበሩ ለውድ ባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጃቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በጀርባቸው ብቻ ለሚያውቋቸው መንገደኞች ሁሉ፣ እንዲሁም ባሕር ምን እንደሚሸት ጠይቆ ይህን ሁሉ ላስጀመረው ለዚያ ተማሪ፣ ዛሬ የት እንዳለ ባናውቅም፣ መጽናናትን ይመኛል። ለሊቀመንበራችንም ልዩ መጽናናት ይመኛል፤ ሰውየውን ለማመስገን ዘጠኝ ዓመት ነበራቸውና።

የሥራ አመራሩ አራት አባላት ፈርመውበታል። አምስተኛው የፊርማ ቦታ ክፍት ነው።

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ እስከዚህ ያለው ጽሑፍ ታትሞ ከታች በጫማ ጠጋኙ ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል። ጠጋኙ ጮክ ብለው በማንበብ ላይ ሲሆኑ፣ ማንበብ የማይችሉና የሚችሉ በርካታ ሰዎች ተሰብስበዋል። አንዳንዶቹ ለቅዳሜው መመዝገብ እንደሚፈልጉ እየጠየቁ ነው። ተመዝጋቢዎች ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲና የማይሸፍቱ እግሮች ይዘው እንዲመጡ እያሳሰብን፣ ማኅበሩ በዚህ ደቂቃ ደረጃው ላይ የከባድ ሰው እርምጃ በመስማት ላይ መሆኑን ይገልጻል። እርምጃው መካከል ላይ ቆሞ ተንፍሷል። እንደገና ተነሥቷል። አዲስ የተላጨ ፊት በበሩ ብቅ ብሏል፤ በእጁ ከታች የተገነጠለ ወረቀት ይዟል፤ ደረጃው ሁሉ፣ ሱቁም፣ መንገዱም እስኪሰማ ድረስ—

«ምላጭ! አንቺ ምላጭ! ዛፉን የዞርኩት ሁለት ጊዜ ነው እንጂ ሦስት አይደለም!»