ሰይድ ለምን ቆመ

ሰኞ

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። የላከው የከብት አርቢው ጠበቃ ነው። ሦስቴ አነበብኩት፤ ሦስቴም ያው ነው። የተቃጠለው አጥር፣ የድርቆሹ መጋዘን፣ ሁለቱ ላሞች፣ እሳቱን ለማጥፋት የወጣው ወጪ፣ ሁሉም ከእኔ ድርጅት ይፈለጋል። ሹፌሬ በሥራ ላይ ሆኖ ላጠፋው ጥፋት ተጠያቂዋ አሠሪዋ ነኝ ማለት ነው።

ሰይድ እሳቱ በተነሣ ቀን ከፎርት ዎርዝ ከተማ ወዲያ ላለ ሠርግ የምናከራየውን ድንኳንና ወንበር ጭኖ እየሄደ ነበር። የገጠር መንገድ ዳር፣ ደረቅ ሣር ላይ ቆመ። ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋበት ሞተሩን አላጠፋም። ከመኪናው ሥር ያለው ግለት ሣሩን ለኮሰው። ዝናብ ካየን ስንት ሳምንታችን! የቀረውን ነፋሱ ሠራው። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ሰይድ እጁን ተቃጠለ፤ መኪናው ከነጭነቱ ዐመድ ሆነ።

ያለኝ፦ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለው የኪራይ መጋዘን። ሁለት መኪና (ሦስት ነበሩ)። ድንኳኖቹ። ጋርላንድ ያለው፣ ዕዳው ገና ያላለቀ ቤቴ። ኢንሹራንሴ ሁሉንም እንደማይሸፍን ከወዲሁ ነግረውኛል። ድርጅቱ ሊዘጋ ይችላል። ጻፍኩት እንግዲህ።

ማክሰኞ

ጠበቃዋ ሰላም ጋ ሄድኩ። ልጅ ናት፣ እዚሁ ያደገች።

"እትዬ ከድጃ፣ ሶ፣ ኩዌስችኑ አንድ ነው። ሰይድ ለምን ስቶፕ አደረገ? ለሥራ ከሆነ ካምፓኒው ይከፍላል። ለራሱ ጉዳይ ከሆነ ግን፣ ማለቴ፣ ፋይት ማድረግ እንችላለን። ጋራንቲ የለም፣ ግን ቻንስ አለን።"

ከዚያ አንድ ወረቀት አነበበችልኝ። ሰይድ ለእሳት መርማሪው "ለሶላት ነው የቆምኩት" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

ሰይድ ለሶላት አልቆመም። የቆመው እኔ ስለደወልኩለት ነው። እየነዱ ስልክ ማንሳት የለም፣ እኔ ስደውል ግን ወዲያው ጥግ ይዞ ቆሞ ማንሳት ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ፣ በእጄ ጽፌ መኪኖቹ ላይ የለጠፍኩት እኔ። የስልኩን መዝገብ እስካሁን ማንም አልጠየቀም። እኔም ለሰላም አልነገርኳት።

"ዓርብ እዚህ መጥተሽ ለኢንሹራንሱ ስቴትመንት ትሰጪያለሽ፣ ሪከርድ ያደርጉታል" አለችኝ። አንቱ ማለት አልለመደባትም።

ረቡዕ

ወንበር ስቆጥር ዋልኩ፤ እየተሳሳትኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። ትናንት ያ ወረቀት ሲነበብልኝ ደስ ነው ያለኝ። ዋሽ አላልኩት፣ እሱ ራሱ ነው ያለው፣ እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ዋልኩ። ግን ይህ ሁሉ ዕዳ በሱ ላይ ከቀረ፣ ሦስት ልጅ ይዞ በምን አቅሙ ይችለዋል? ስልኩን አንስቼ ልደውልለት ፈለግኩና ፈራሁ።

ሐሙስ

ዩለስ ሄድኩ፣ ሰይድ ቤት። ሚስቱ ዘይነብ ከኤርፖርት ሥራዋ መግባቷ ነበር፤ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ሰይድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ። "ቁጭ በል፣ የምን መነሳት ነው!" ብዬ ተቆጣሁት። እንዲህ ነኝ፤ ይቅርታ ልል ሄጄም እቆጣለሁ።

"ለምን ሶላት አልክ?"

"እርስዎ እንዳይነኩ ብዬ ነው እትዬ። እዚህ አገር ማንንም ሳላውቅ ሥራ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።"

"በሶላት ትዋሻለህ?"

አንገቱን ደፋ። ዘይነብ ግን አላስቻላትም። "የጭሱን ንገራቸው" አለችው። እምቢ አለ። "ንገራቸው እንጂ!"

ነገረኝ። ጭሱ የሸተተው እኔ ስለጠፉት የወንበር ልብሶች እየጮህኩበት ሳለ ነው። ሁለቴ "እትዬ" ብሎ ጀምሮ ነበር። ሁለቴም "አታቋርጠኝ!" ብዬዋለሁ። አስታውሳለሁ፣ ብዬዋለሁ።

"ታዲያ ለምን አልዘጋኸውም?" አልኩት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። "እርስዎ እየተናገሩ እንዴት ጆሮዎ ላይ እዘጋለሁ?"

ተቆጥቼ እስክጨርስ ጠበቀ። ከመኪናው ሲወርድ እሳቱ አጥሩን ይዞ ነበር። እጁ የተቃጠለው በሸሚዙ ሊያጠፋው ሲታገል ነው።

የወንበር ልብሶቹን በእሳቱ ማግስት መጋዘን ውስጥ፣ ራሴ ካስቀመጥኩበት አገኘኋቸው። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ

ጁምዓ። ሰይድ መስጊድ አልመጣም። ከሶላት በኋላ ዘይነብን ጠየቅኳት። "ያንን ቃል ከሰጠ ወዲህ ሰው ፊት ለመቆም አፍሯል" አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ሰላም ቢሮ። ቃል ከመስጠቴ በፊት ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "ይሄን ካልሽ ካምፓኒውን ልታጪው ትችያለሽ፣ ገብቶሻል? ግን አሁን ካወቅኩ ዋሺ ልልሽ አልችልም።" ገብቶኛል አልኩ።

የኢንሹራንሱ ሰው መቅጃውን ከፈተ። ሹፌሩ ለምን እንደቆመ ጠየቀኝ። "እኔ ስለደወልኩለት፣ ስለ ሥራ" አልኩ። የለጠፍኩትን ሕግ ነገርኩት። ሰይድ ስለ ጭሱ ሊነግረኝ እንደሞከረ፣ እኔም አላስጨርስ እንዳልኩት ጨመርኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ሰላም ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች።

ድርጅቱ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም። ቤቴንም አላውቅም። በጣም ፈርቻለሁ።

ለሰይድ "እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ አንተም ቃልህን አስተካክል" ብዬ መልእክት ላክሁለት። ቤት እንደገባሁ ደወለ። "እትዬ…" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቶሎ በል፣ ሥራ አለኝ እለው ነበር። ጠበቅሁ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

"ተናገር፣ አላቋርጥህም" አልኩት።

ማልቀስ ጀመረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ፤ እሱ እስኪዘጋው ድረስ አልዘጋሁም።