ሃያ አራትም ሠላሳም ስለሆነው ሰከንድ

ለተከበሩ አቶ ወልደ አማኑኤል
የወረዳዎች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድር የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሞላሌ፣ ጥር 1993 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የመንዝ ብርድ ጉልበትዎን፣ የእኛም አቤቱታ እንቅልፍዎን እንዳይነካብዎ የሞላሌ ሴቶች ቡድን አሰልጣኝ የሆንኩት እኔ ውባየሁ ከልብ እመኛለሁ።

በቅድሚያ ስለ አዲሱ ሕግ እናመሰግናለን። ኳስ የያዘ ቡድን ወደ ቅርጫት እንዲወረውር የሚሰጠው ጊዜ ከሠላሳ ወደ ሃያ አራት ሰከንድ መቀነሱን የሚገልጸው ደብዳቤ በአንድ ቅጂ ብቻ መላኩ፣ ለወረቀት ያለዎትን አሳቢነት ያሳያል። ቅጂው ለአንዱ ዳኛ ለአቶ ፈንታ ደረሰ፤ ለሌላው ዳኛ ለአቶ አወቀ አልደረሰም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ከራቤል ጋር ባደረግነው የፍጻሜ ጨዋታ፣ እኛ በምናጠቃው ቅርጫት የቆሙት አቶ ፈንታ እስከ ሃያ አራት፣ በወዲያኛው የቆሙት አቶ አወቀ እስከ ሠላሳ በአፋቸው ሲቆጥሩ ዋሉ።

ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቅርጫት ሲቀያየሩ ነገሩ በራሱ ይስተካከል ነበር። እርስዎ ግን ለፍትሕ ሲሉ ከመቀመጫዎ ተነሥተው «ዳኞችም ቦታ ይቀያየሩ!» ብለው አዘዙ። በዚህ ጥበብዎ እኛ እስከ መጨረሻው በሃያ አራት፣ ራቤሎች በሠላሳ ተጫወትን።

አቤቱታዎቼ እነሆ፦

1. አቶ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሲያስነጥሳቸው ማስነጠሱንም እንደ ሁለት ሰከንድ ቆጥረውታል። ይማርዎት ብለን አልፈናል።

2. ከአጥሩ ውጭ አንድ ገበሬ በጎቹን ሲቆጥር «ሃያ አራት!» ቢል፣ አቶ ፈንታ ፊሽካ ነፍተው ኳሱን ቀሙን። ገበሬው ደንግጦ ከአንድ ጀመረ።

3. በአንድ ነጥብ ተመርተን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛዋ ጽናት የወረወረችው ኳስ ገባ። አቶ ፈንታ «ሃያ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ነው» ብለው ሻሩት። ጽናት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ አሸናፊው ለዞኑ ውድድር ደብረ ብርሃን ስለሚሄድ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

«ጋሼ ፈንታ፣ ለራቤሎች ሠላሳ ሲቆጠር አልሰሙም?» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን የአቶ አወቀ ሰከንድ ነው» አሏት።

ልጅቷ ሜዳው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የራቤሏ አምበል እስከዳር ዋንጫውን ከመቀበሏ በፊት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ኮሚቴዎ ለይግባኛችን የሰጠውን መልስ ደጋግመን አንብበነዋል፦ «ሁለቱም ዳኞች በእጃቸው ያለውን ሕግ ያለ ማወላወል ስላስፈጸሙ ውጤቱ ይጸናል። ለወደፊቱ ልዩነቱን ለማስታረቅ ጊዜው ሃያ ሰባት ሰከንድ እንዲሆን ተወስኗል።» በዓለም ላይ ማንም ያላሰበውን ሕግ ለሞላሌ ስላበረከቱ ኩራታችን ወሰን የለውም።

ሕግ በየዳኛው እንደሚለያይ ካስተማሩኝ በኋላ ለሁሉም ዳኞች በየተራ የምሰግድ፣

ውባየሁ ገብረየሱስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እስከዳርና ጓደኞቿ «እንዲህ አሸንፈን ደብረ ብርሃን አንሄድም» ብለው ዋንጫውን በአውቶቡስ ልከውልናል። እሑድ ያለ ዳኛ እንደገና እንጫወታለን፤ ሃያ አራቱን ተመልካቹ ይቆጥራል። ለእርስዎም የክብር ወንበር ተዘጋጅቷል፤ ልጆቹ ከሜዳው ራቅ አድርገውታል፣ እንዳይነሡም አደራ ብለዋል።